ከአሜን በኋላ

ሀዋሳ፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጅነት ጓደኛዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሃያ ስምንት ዓመት መሰንበት ከተባለ ማለቴ ነው። ጤናሽስ? ጉልበትሽን እንደሚያምሽ ሰምቻለሁ። የእኔም የግራው ጉልበት ደረጃ ሲያይ መለገም ጀምሯል፤ ቢያንስ በዚህ አልተለያየንም። የአርባ ምንጭ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እናትሽ ማረፋቸውን የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ ጌታ ያጽናሽ። ለቅሶ ሳይደርሱ በወረቀት "ያጽናሽ" ማለት እንደሚያሳፍር አውቃለሁ፤ ግን ካፈርኩባቸው ነገሮች ሁሉ ይሄ ትንሹ ስለሆነ እለፊኝ። እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ስኳር አለብሽ ተብዬ ሻዬን እንደ መድኃኒት ፊቴን አጨማድጄ እጠጣለሁ። ባለቤቴ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው። ልጄ ኢያኤል አዲስ አበባ ሥራ ስለያዘ እዚህ ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ያለችውን ቤት ብቻዬን እጠብቃለሁ።

ስልክ መደወል ስትችል ለምን ጻፈች ትዪ ይሆናል። ቁጥርሽን ልጅሽ ሳያት ሰጥታኛለች። ሁለት ጊዜ ደውዬ ገና ሳይጠራ ዘጋሁት። ታውቂኛለሽ፤ አፌ ለሽንኩርት ነጋዴ እንጂ ለቁም ነገር አይፈታም። ወረቀት ደግሞ አያቋርጠኝም፣ "አንቺ ማነሽ?" ብሎም አይጠይቀኝም።

ፖስታውን ያመጣችልሽ ልጅሽ ናት። ሦስት ጊዜ በስኮች የጠቀለልኩት እሷን ጠርጥሬ እንዳይመስልሽ፤ ይቺ ልጅ የሰው ደብዳቤ የምትከፍት አይደለችም። የጠረጠርኩት ራሴን ነው። ሐሙስ መኪና እስክትሳፈር ድረስ ልቤ ከድቶኝ ገጹን ቀድጄ እንዳላወጣ ብዬ ነው። ያም ሆኖ አንዳንዱን ነገር ስም ሳልጠራለት አልፋለሁ። አንቺ ትረጂዋለሽ።

ከሳያት ልጀምር። ጥቅምት ላይ አንድ እሁድ፣ እንደ ልማዳችን፣ "ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችሁ እንግዶች ካላችሁ ተነሥታችሁ ስማችሁን ንገሩን" ተባለ። ማይኩን ይዞ መድረክ ላይ የነበረው ወንድሜ ማቴዎስ ነው። አሁን ከቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች አንዱ ሆኗል። ከኋላ ወንበር አንዲት ቀጭን ልጅ ተነሣችና ስሟን ተናገረች። ከስሟ ቀጥሎ የጠራችው የአንቺን አባት ስም ነው። ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ውስጥ ሥራ እንደጀመረች፣ ከአርባ ምንጭ እንደመጣች ነገረችንና "እናቴም ድሮ እዚህ በመዘምራን ታገለግል ነበር" አለች። ጉባኤው አጨበጨበ። አዲሶቹ ምን ያውቃሉ፤ የእኛ የአሮጌዎቹ እጅ ግን መሀል ላይ ቀረ። ማቴዎስ ቀጣዩን ማስታወቂያ ማንበብ አቃተው። መነፅሬን ረስቻለሁ ብሎ ወረቀቱን ለሌላ ሰው ሰጠ። መነፅሩ ግን ዓይኑ ላይ ነበር።

ከአምልኮ በኋላ በር ላይ ጠበቀችኝ። "የእናቴ ጓደኛ እርስዎ ነዎት አሉኝ" አለች። አዎ አልኳት። እናቷ ትዘምር እንደነበር የነገሯት አያቷ እንደሆኑ፣ አንቺን ስትጠይቅሽ "ድሮ ነው" ብለሽ እንደምታልፊያት፣ ልብስ ስታጥቢ እንኳ ስታንጎራጉሪ ሰምታሽ እንደማታውቅ ነገረችኝ። "ድምጿ ያለበት ካሴት ከተገኘ አንድ ጊዜ ብሰማው" አለችኝ። ስልኳን ስትጽፍልኝ በግራ እጇ ነው የጻፈችው። ያኔ ልብ አላልኩትም፤ እኛ ቤት ሁሉም ግራኝ ስለሆነ ለእኔ ብርቅ አይደለም።

ነገሩ ሲገጣጠም ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችን ሚያዝያ ላይ ሃምሳ ዓመት ይሞላታል። የበዓሉ ኮሚቴ የድሮ ካሴቶች ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ይገልበጡ አለና ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ቢሮ ኮምፒውተር ስለምነካ ሁሉን የማውቅ ይመስላቸዋል። ካሴቶቹ የተቀመጡት ማቴዎስ ዘንድ ነው፤ ያኔ ቀጂያችን እሱ አልነበር? ሁለት ካርቶን በባጃጅ ጭኖ አመጣልኝ። ሲያስረክበኝ "ከታች ባሉት አትድከሚ፤ ተበላሽተዋል" አለኝ። እሺ አልኩት።

ሥራዬን ብታዪ ትስቂ ነበር። ቴፑ ከባለቤቴ የቀረ ነው፤ ካሴቱን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቶ ዘማሪውን ሁሉ በሽተኛ አስመሰለው። ባህል አዳራሽ አካባቢ ገብረየስ የሚባል ሬዲዮ ሠሪ አለ። ቺንጋ ቀየረልኝ፣ ድምፁን የሚያነበውን ሄድ በአልኮልና በጥጥ ጠረገልኝ፣ ከቴፑ ወደ ላፕቶፑ የሚሄድ ገመድም ፈልጎ አገኘልኝ። "ማዘር፣ ይሄ እኮ ሙዚየም መግባት ያለበት ነው" አለኝ፤ ቴፑን ይሁን እኔን አልጠየቅኩትም። ኢያኤል በስልክ እየመራኝ እሱ ትቶት በሄደው ላፕቶፕ የመጀመሪያውን ካሴት አስነሣሁና ወደ ጓዳ ሥራዬ ሄድኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስሰማው ለካ በገመዱ ሳይሆን በላፕቶፑ በራሱ ማይክ ኖሯል የቀዳው። ስብከቱ ከሩቅ ይሰማል፣ ከላዩ የባጃጅ ጡሩምባ፣ ከዚያ እኔ በአጥር ላይ ከጎረቤቴ ከዘነበች ጋር ስለ ዶሮዋ ስጨቃጨቅ። ሰባኪው "ንስሐ ግቡ" ይላል፤ እኔ "ጎመኔን ጨረሰችው እኮ!" እላለሁ። ኢያኤል ይሄንንማ እንዳታጠፊው ብሎ ሳቀብኝ።

ካሴት አያስቸኩሉትም። የስልሳ ደቂቃውን ለመገልበጥ ስልሳ ደቂቃ ነው፤ ዘመናዊ ነኝ ብትዪውም አይሰማሽም። ከሥራ ስመለስ አንድ፣ ቅዳሜ ሦስት አራት እያደረግኩ፣ የላላውን በቢክ እስክሪብቶ እያጠነጠንኩ፣ መብራት የሄደ ጊዜ ደግሞ እንደገና እየጀመርኩ ታኅሣሥና ጥር አለቁ። ሳያት ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣ ነበር። አቮካዶ ይዛ ትመጣና አጠገቤ ትቀመጣለች፤ አንዲት ሴት ድምጿን ከፍ ባደረገች ቁጥር "ይቺ ናት?" ትለኛለች። አይደለችም እላታለሁ። አንድ ቅዳሜ የእኛ የ"ለ" መዘምራን ቡድን ካሴት ተራ ደረሰ፣ ያ ሰው ሁሉ የሚያውቀው። አራተኛው መዝሙር ላይ ዝም ብላ አዳመጠችና "እንዴት ደስ ይላል! ይሄን ማን ነው የዘመረው?" አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። "ድምፅዎ ሲያምር!" ብላ ትከሻዬን አቀፈችኝ። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

የሁለተኛው ካርቶን ታች ላይ ስደርስ አንድ ካሴት አገኘሁ። በማቴዎስ እጅ ጽሑፍ "ተበላሽቷል" ይላል። ልወረውረው ስል ጀርባው ላይ ያሉት ሁለቱ ትንንሽ ፕላስቲኮች ተሰብረው አየሁ። ታስታውሻለሽ፤ በላዩ ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት የምንሳሳለትን ካሴት ነበር እንደዚያ የምንሰብረው። ለተበላሸ ካሴት ማን ይሳሳል?

እዚህ ላይ የምታውቂውን መልሼ ልነግርሽ ነው። ታገሽኝ፤ ከእኔ አፍ ሰምተሽው አታውቂም።

ግንቦት 1989፣ ገና አዋሳ ስንላት። የመጀመሪያ ካሴታችንን የቀዳነው ፍራሽና ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ በሰቀልንበት ቤት ነው። አራተኛውን መዝሙር አንቺ ብቻሽን ትዘምሪ ነበር፤ እኛ ከኋላ እንቀበልሻለን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ማርገዝሽ ታወቀ። ሽማግሌዎች ጠርተው ከማን እንደሆነ ጠየቁሽ፤ አልተናገርሽም። ከአገልግሎት አገዱሽ፣ ስምሽም በጉባኤ ፊት ተነበበ። እኔንም ጠርተው "ጓደኛዋ ነሽ፤ ታውቂያለሽ?" አሉኝ። አላውቅም አልኩ። እውነቴን ነበር። ግን አላውቅም ማለት የቻልኩት ስላልጠየቅኩሽ ብቻ ነው። ከዚያ መሪያችን አለምነሽ "የታገደች ሰው ድምፅ በካሴት አይወጣም፤ አራተኛውን አንቺ ዘምሪውና በእሷ ላይ ይቀዳበት" አለችኝ።

ደስ አለኝ። ይሄን ለመጻፍ እስክሪብቶውን ሁለት ጊዜ አስቀምጬ አነሣሁት። አላዘንኩም፣ አላለቀስኩም፤ ደስ ነው ያለኝ። ያን መዝሙር ከመጀመሪያው የልምምድ ቀን ጀምሮ እመኘው ነበር። ካሴቱ ወጣ፣ ሰው ወደደው፣ ገበያ መሀል እያስቆሙ ይባርኩኝ ነበር፤ እኔም አሜን አሜን እል ነበር። አንቺ ሻንጣሽን ይዘሽ መነኸሪያ የቆምሽ ቀን በጋሪ ሳልፍ አየሁሽ። አንቺም አይተሽኛል። ፊቴን አዞርኩ። በዕድሜዬ ብዙ ጥፋት አጥፍቻለሁ፤ እንደዚያች አንገት ማዞር የሚያመኝ ግን የለም።

እንግዲህ "በእሷ ላይ ይቀዳበት" የተባለው ካሴት ይኸው ነው። አልተቀዳበትም። ለእኔ ሌላ ካሴት ገብቶ፣ የአንቺ ፕላስቲኩ ተሰብሮ፣ "ተበላሽቷል" ተብሎ ተጽፎበት ሃያ ስምንት ዓመት ካርቶን ሥር ኖሯል።

ገመዱን ሦስት ጊዜ አይቼ አስነሣሁት። ድምፅሽ አለ፣ ጓደኛዬ። አንዲት ቃል አልጎደለም። በመሀል የጋሪ ፈረስ ኮቴ ይሰማል፤ ያኔ እንደገና እንቅዳ ስንል አለምነሽ ካሴት አይበቃንም ብላ ያስተወችን። እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ሰዉ ሁሉ "ያንቺ መዝሙር" ሲለኝ ቆይቼ፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስትደርሺ የእኔ እንዳልነበር ጆሮዬ ነገረኝ። እዚያው ስንኝ ላይ ትንፋሽ ያጥርሻል። ያን ቀን አለምነሽ ልምምድ አንሷት ነው ብላ ተቆጥታሽ ነበር። አሁን ነው የገባኝ፤ ለሁለት ሰው ነበር የምትተነፍሺው። ሳያትም እዚያ ካሴት ላይ አለች።

መዝሙሮቹ ሲያልቁ አለምነሽ "እንጸልይ" አለች። ሁላችንም እንደ ልማዳችን በአንድ ላይ ድምፃችንን ከፍ አድርገን መጸለይ ጀመርን። መቼም ስንጸልይ ዓይናችንን እንጨፍናለን፤ ቀጂውም ጨፍኗል፣ ስለዚህ ቴፑን ያጠፋ የለም። አሜን ተባለ፣ ወንበር ተጎተተ፣ እኔው ራሴ "ቶሎ በሉ፣ ዳቦው ያልቃል!" እያልኩ ሰውን ሁሉ ለሻይ ይዤ ስወጣ እሰማለሁ። ከዚያ ጸጥታ። ከዚያ ሰባት ደቂቃ።

ሰባቱን ደቂቃ እዚህ አልገለብጠውም፤ አንቺ እዚያ ነበርሽ። አንዷ ታለቅሳለች። ሌላው "እሁድ እኔ ራሴ ለሽማግሌዎች እናገራለሁ፤ አንቺ ዝም በይ፣ ለእኔ ተዪው" ይላል። አንቺም ዝም አልሽ። ሽማግሌዎች ፊት ዝም አልሽ፣ ስምሽ ሲነበብ ዝም አልሽ፣ ልጅ ስታሳድጊ ዝም አልሽ። እኛ ልበ ደንዳና ናት አልንሽ። አንቺ ለካ ቃል ተሰጥቶሽ እሁድን እየጠበቅሽ ነበር።

ድምፁን ለመለየት ሁለተኛ ጊዜ መስማት አላስፈለገኝም። ላፕቶፑን አቅፌ በባጃጅ ማቴዎስ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ገበያ ወጥታ ነበር። ምንም ሳልለው ከመጀመሪያው አሰማሁት። አንቺ ስትዘምሪ አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ። ከአሜን በኋላ ያለው ሲጀምር መነፅሩን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፣ ላፕቶፑን እንዳጠፋለትም ጠበቀ። አላጠፋሁትም። ታላቄ ነው፣ ክፉ ቃል ተናግሬው አላውቅም፤ ያን ቀን ግን አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ አልኩት። ፈሪ አልኩት። አዎ አለኝ። ለምን ካሴቱን እንዳላጠፋው ጠየቅኩት። በየሳምንቱ ለሚቀጥለው እሁድ፣ ለሚቀጥለው እሁድ እያለ እንደቆየ፣ ከዚያ አንቺ እንደሄድሽ፣ ከዚያ አንቺ ከሌለሽ ምን ዋጋ አለው እንዳለ፣ ማጥፋቱ ግን እጁ እንዳልታዘዘለት ነገረኝ። አላዘንኩለትም። አሁን ትንሽ አዝኛለሁ፤ ወንድም ወንድም ነው።

ትናንት እሁድ ነበር። ከአምልኮ በኋላ የሽማግሌዎች ክፍል ገባ፣ እኔ ግቢ ውስጥ ዛፉ ሥር ተቀምጬ ጠበቅኩ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየ። የተናገረውን ተናግሮ ከሽምግልናው ወርዶ ወጣ። ለሚስቱ ቅዳሜ ነግሯታል፤ እህቷ ዘንድ ሄዳለች፣ ትመለስ እንደሆነ አላውቅም። እንዲህ ነው፤ የዘገየ ነገር ብዙ ሰው ይዞ ይወድቃል። ያኔ ስምሽን ያነበቡት ጋሽ ተስፋዬ አሁን በከዘራ ነው የሚሄዱት። ዛፉ ሥር መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ከዚያ "ለካ ያነበብኩት ግማሹን ነው" አሉኝ። እግራቸው ቢችል አርባ ምንጭ ድረስ መጥተው ይቅርታ ሊጠይቁሽ ይፈልጋሉ፤ ካልቻሉም ሽማግሌዎቹ በጉባኤ ፊት፣ ስምሽ በተነበበበት ቦታ፣ ይቅርታውን ለማንበብ ፈቃድሽን ይጠብቃሉ። በሃምሳኛው ዓመት በዓልም አራተኛው መዝሙር በአንቺ ድምፅ እንዲሰማ ይፈልጋሉ። እሱም አንቺ ከፈቀድሽ ነው።

ፖስታው ውስጥ ሁለት ፍላሽ አለ። ቀዩ ላይ መዝሙሮቹና ጸሎቱ ብቻ ናቸው ያሉት፤ አሜን ላይ ያበቃል። እሱን ከሳያት ጋር ስሙት። እሷ እስካሁን አልሰማችውም። መገኘቱን ስነግራት ዘለለች፤ መጀመሪያ እናትሽ ስላት ደግሞ "እርስዎ ደግሞ!" ብላ ሙሉ ቅዳሜ አኮረፈችኝ። ሲያኮርፍ ከንፈሩን እንደዚያ የሚያደርግ ሌላ ሰው አውቃለሁ። ጥቁሩ ላይ ሁሉም አለ፣ ሰባቱ ደቂቃም። እሱ የአንቺ ነው። ለሳያት ብታሰሚያት፣ ብትሰብሪው፣ ሐይቁ ውስጥ ብትጥዪው፣ ማንም አይጠይቅሽም። ማቴዎስ መልእክት አድርሽልኝ ብሎኝ ነበር፤ እምቢ አልኩት። የራሱን በራሱ እጅ ይጻፍ፣ እኔ ከእንግዲህ የእሱን ቃል አልሸከምም። እኔ የዘመርኩትንም አላጠፋሁትም። በዚህ ቤተ ክርስቲያን እስካሁን ያጠፋነው ይበቃል።

ይቅር በዪኝ። ዛሬውኑ አልልሽም። ለሚያዝያ ግን ነይ። የኢያኤል ክፍል ባዶ ነው፣ አንሶላውን አጥቤያለሁ፤ ዘነበችም ዶሮዋን አስራለሁ ብላ ቃል ገብታለች። ዝመሪ ብዬ አላስቸግርሽም። ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ስትከትፊ ሳታስቢው ብታንጎራጉሪ ይበቃኛል፤ ከበሩ በዚህ በኩል ቆሜ እሰማለሁ፣ ደግሞም ከኋላ ሆኜ ዜማውን አልቀበልሽም።

ጌታ የተወሰደብሽን ዓመት እጥፍ አድርጎ ይመልስልሽ። ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ያሳደግሻትን ልጅ ይባርክልሽ፤ ብቻሽን ያሳደግሻት መሆኑን ሳይ አፍራለሁ፣ እንዴት አድርገሽ እንዳሳደግሻት ሳይ ደግሞ እኮራለሁ። የመኩራት መብት ባይኖረኝም።

ድሮ ለክረምት ስንለያይ ስጽፍልሽ "እህትሽ" ብዬ ነበር የምፈርመው። ያን ስም መነኸሪያው ጋ ራሴ ጥዬዋለሁ፤ አንቺ ካልመለስሽልኝ አላነሣውም። እስከዚያው ድረስ፣ ስም አልጠራም ያልኩትን በዚህ አፍርሼ፣ በደም ባገኘሁት እፈርማለሁ።

የሳያት አክስት